ልጁ ሳይዞር 36ኛው ሳምንት ሲገባ፦ ሮም ያሉ እናቶቻችንና የጥቂት ቀናት ውሳኔ

ሮም ውስጥ እርግዝናዋን የምትከታተል ኢትዮጵያዊት በ32ኛው ሳምንት ግድም አልትራሳውንድ ስትነሳ ልጁ ጭንቅላቱን ወደ ላይ፣ መቀመጫውን ወደ ታች አድርጎ መቀመጡ ሊነገራት ይችላል። ሐኪሙ «ፖዳሊኮ ነው»፣ ማለትም በመቀመጫው ነው፣ ይልና «ገና ጊዜ አለው፣ ይዞር ይሆናል» ብሎ ያሰናብታታል። እውነቱን ነው። በ28ኛው ሳምንት ከአምስት ጽንሶች አንዱ ገደማ እንዲሁ ነው የሚቀመጠው። የመውለጃው ጊዜ ሲደርስ ግን ከ100 ሦስት ወይም አራት ብቻ ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ይዞራሉ።

ጭንቀቱ ያለው እነዚያ ሦስትና አራቱ ላይ ነው። 36ኛው ሳምንት ገብቶ ልጇ ካልዞረ እናቲቱ ሦስት መንገድ አላት። ሐኪም ከሆዷ ላይ በእጁ ልጁን እንዲያዞረው መሞከር፣ ቀን ተቆርጦላት በኦፕራሲዮን መውለድ፣ ወይም ልጁ በመቀመጫው እንደመጣ አምጣ መውለድ። ሦስተኛው ጣሊያን ውስጥ ከወረቀት ላይ አልጠፋም፤ የሚያደርገው ሆስፒታል ማግኘት ግን በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ምርጫዋ በቀሩት ሁለቱ መካከል ነው፤ ለማሰቢያ የሚሰጣትም አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው።

ማዞሩ ለአብዛኞቹ እናቶቻችን፣ በተለይም ሌላ ልጅ ለሚያስቡት፣ ሊሞከር የሚገባው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እንዲህ ያለ ሙከራ መኖሩን በጊዜው፣ በሚገባቸው ቋንቋ መስማታቸው ነው። በ39ኛው ሳምንት የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ወረቀት ላይ ከፈረመች በኋላ «ለካ ይዞር ነበር» የምትል እናት ምርጫ ነበራት ማለት አይቻልም።

በመቀመጫው የመጣን ልጅ አምጦ መውለድ እየቀረ የመጣው በአንድ ጥናት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በጥቅምት 2000 (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ካናዳዊቷ ሐኪም ሜሪ ሃና ከባልደረቦቿ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ትልቅ ጥናት አወጣች። በ26 አገሮች፣ በ121 ሆስፒታሎች፣ ልጃቸው በመቀመጫው የመጣ 2,088 እናቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ በቀጠሮ ኦፕራሲዮን፣ ግማሾቹ በምጥ እንዲወልዱ ታቀደ። የሞቱት ወይም ክፉኛ የተጎዱት ሕፃናት ኦፕራሲዮን በታቀደላቸው ወገን ከ100 1.6፣ ምጥ በታቀደላቸው ወገን 5 ሆነው ተገኙ። ዓለም ይህን ሰምቶ አላመነታም። ኔዘርላንድ ውስጥ በመቀመጫቸው ከመጡ ልጆች በኦፕራሲዮን የሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ነበሩ፤ ጥናቱ በወጣ በሁለት ወር ውስጥ ከ100 ወደ 80 አሻቀቡ።

ቀጥሎ የመጣው ማስረጃ ግን የመጀመሪያውን ያህል ጆሮ አላገኘም። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2004 ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ተመልሰው አዩ፤ በሞትም ሆነ በአእምሮ እድገት መዘግየት በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልነበረም። በ2006 ደግሞ የፈረንሳይና የቤልጅየም ሐኪሞች ከ8,000 በላይ እናቶችን ተከታትለው፣ እናቲቱ በጥንቃቄ ከተመረጠችና የለመደ እጅ አጠገቧ ካለ በምጥ መውለዱ ያን ያህል የከፋ እንዳልሆነ አሳዩ። እስከዚያ ድረስ ግን ስድስት ዓመት አልፏል። በየማዋለጃው ያሉ አንጋፋ ሐኪሞች ጡረታ ወጥተዋል፣ ወጣቶቹ በመቀመጫው የሚመጣ ልጅ ሲወለድ የማየት ዕድላቸው ጠብቧል። እንዲህ ያለ ሙያ በእጅ እንጂ በመጽሐፍ አይተላለፍም፤ አንድ ትውልድ ካልተለማመደው መመለሻው ሩቅ ነው። ዛሬ ሮም ላይ አንዲት እናት «በመቀመጫው ይምጣ፣ አምጬ እወልደዋለሁ» ብትል ሐኪሙ የሚያመነታው በክፋት አይደለም። አደጋ ቢመጣ የሚያደርገውን በእጁ ስላልሠራው ነው።

ጣሊያን ደግሞ ቀድሞም ኦፕራሲዮን የሚበዛባት አገር ነበረች። በ2000ዎቹ መጨረሻ ከ100 ወሊዶች 38 ያህሉ በኦፕራሲዮን ነበሩ፤ ኔፕልስ ያለችበት ካምፓኒያ ውስጥ ከ60 በላይ፣ ሮም ያለችበት ላትሲዮ ውስጥም ከአገሩ አማካይ በላይ። መንግሥት ይህን አይቶ ተነሳ። የአገሪቱ ከፍተኛ የጤና ተቋም፣ ኢስቲቱቶ ሱፔሪዮሬ ዲ ሳኒታ፣ በ2010ና በ2012 ስለ ኦፕራሲዮን ወሊድ በሁለት ክፍል መመሪያ አወጣ። ሁለተኛው ክፍል ልጇ በመቀመጫው ለመጣ እናት ማዞሩ እንዲቀርብላት ይመክራል። በ2015 የወጣው 70 ቁጥር የሚኒስቴር ድንጋጌ ደግሞ ገደብ አበጀ፤ በዓመት ከ1,000 በላይ የሚያዋልዱ ሆስፒታሎች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦፕራሲዮን የሚያዋልዷቸው እናቶች ከ100 ከ25 እንዳይበልጡ፣ ከ1,000 በታች የሚያዋልዱት ደግሞ ከ15 እንዳይበልጡ። ዛሬ የአገሩ አማካይ ወደ 30 ገደማ ወርዷል።

እናት ይህን ብታውቀው ይጠቅማታል። ሆስፒታሉም የራሱ ሒሳብ አለው። በመቀመጫው የመጣን ልጅ በኦፕራሲዮን ማውጣት ለሐኪሙ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ ይታወቃል፣ ክስም አያስፈራም። ገደቡ ሲመጣ ደግሞ ማዞር ለሆስፒታሉ ቁጥር ማውረጃ ሆነ። በእኔ እምነት ይህ የአስተዳደር ሒሳብ ለእናቲቱ በጎ ነገር አምጥቷል፤ ለዓመታት ተረስቶ የነበረ እጅ ወደ ማዋለጃው እየተመለሰ ነው። ቢሆንም ሁሉም ሆስፒታል አይሠራውም። የሚሠራውም በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሐኪም እጅ ይሆናል። እናቲቱ የምትከታተልበት ቦታ የማይሠራው ከሆነ «የት ይሠራል? ወረቀት ጻፉልኝ» ማለት መብቷ ነው፤ ይህንንም በ38ኛው ሳምንት ሳይሆን በ35ኛው ማለት አለባት።

ሙከራው ራሱ ምን ይመስላል? የሚደረገው ለመጀመሪያ ልጅ ከ36ኛው፣ ለሁለተኛና ከዚያ በላይ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ቢሞከር ልጁ ተመልሶ ሊዞር ይችላል፤ ድንገት መውለድ ግድ ቢሆንም ያለ ጊዜው ይወለዳል። ክፍሉ ከኦፕራሲዮን ክፍል ብዙም አይርቅም፣ መቅረቡም የዝግጅቱ አካል ነው። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ልጁ በየት በኩል እንደተቀመጠ፣ ጀርባው ወዴት እንደሆነ፣ የሽርት ውሃው መብቃቱ፣ የእንግዴ ልጁ የት እንደተጣበቀ ይታያል። ሆዷ ላይ ቀበቶ ታስሮ የልጁ የልብ ምት ለሃያና ለሠላሳ ደቂቃ ይመዘገባል። ማህፀን የሚያላላ መድኃኒት ይሰጣታል፤ አንዳንዱ ዓይነት የእናቲቱን ልብ ያስመታል፣ እጇን ያንቀጠቅጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። ትንሽ ወደ ጎን ጋደም ትላለች። ሆዷ በጄል ወይም በዘይት ይለሰልሳል። ሐኪሙ በአንድ እጁ የልጁን መቀመጫ ከዳሌዋ ውስጥ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያወጣል፣ በሌላው ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ሁለቱን እጆቹን በተቃራኒ አቅጣጫ እየገፋ ልጁ ወደፊት እንዲገለበጥ ያደርጋል። በመካከሉ እየቆመ የልብ ምቱን ያያል። ግፊቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ያማል፤ የሕመሙ መጠን ግን ከሴት ሴት ይለያያል። እናቲቱ «በቃ» ካለች ይቆማል። ይህን አስቀድማ ማወቅ አለባት፤ በእኛ ባህል ሴት ልጅ ሐኪም ፊት ችላ ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ስለተማረች፣ «በቃ» ማለት እንደምትችል ካልተነገራት አትለውም።

ከዚያ በኋላ የልጁ ልብ እንደገና ይመዘገባል። የእናቲቱ ደም አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ለዚያ የሚሆን መርፌ ትወጋለች። ሁሉ ደህና ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ስንቱ ይዞራል? የእንግሊዝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ በጥቅሉ ግማሽ ያህሉ፤ የመጀመሪያ እርግዝና ከሆነ ከ100 ወደ 40፣ ቀደም ብላ ለወለደች ወደ 60። ሆዷ ልል የሆነ፣ የልጁ መቀመጫ ገና ወደ ዳሌዋ ያልገባ፣ ጭንቅላቱ በእጅ የሚዳሰስ ከሆነ ዕድሉ ይጨምራል። አፍሪካ ውስጥም የተጠና ነገር ነው፤ ጀስተስ ሆፍማየር የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም በ1983 ባሳተመው ጥናት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ማዞር በመቀመጫ የሚመጡትንም፣ ኦፕራሲዮኑንም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዓለም ዛሬ ከሚመካባቸው የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ከአህጉራችን የወጣ ነው።

አደጋውም መነገር አለበት። ከ200 ሙከራዎች በአንዱ ገደማ የልጁ ልብ ይታወክና ወይም ደም ይፈስና ወዲያው ወደ ኦፕራሲዮን ይገባል። ከዞሩት ልጆች ከ100 ጥቂቶቹ ተመልሰው ይገለበጣሉ። ዞሮ በጭንቅላቱ የመጣ ልጅም ሲወለድ፣ ድሮውኑ በጭንቅላቱ ከተቀመጠው ይልቅ በምጥ መሀል ኦፕራሲዮን የማስፈለጉ ዕድል ከፍ ይላል። የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ከሸፈነ፣ በቅርቡ ደም ከፈሰሳት፣ ሽርቷ ከፈሰሰ፣ መንታ ከሆነ ጨርሶ አይሞከርም። አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ግን ወዲያው ተስፋ መቁረጥ የለባትም፤ ጠባሳው ብቻውን ክልከላ አይደለም፣ ሐኪሟን ትጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የማይል ሐቅ መደበቅ አልፈልግም። ልጁን ብቻ ካየን፣ በ39ኛው ሳምንት በቀጠሮ የሚደረግ ኦፕራሲዮን በጣም አስተማማኝ ነው። ያው የእንግሊዝ ኮሌጅ በወሊድ ዙሪያ የሚሞቱትን ሲያስቀምጥ በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ከ1,000 ግማሽ፣ በጭንቅላቱ በሚመጣ ልጅ ምጥ ከ1,000 አንድ፣ በመቀመጫው በሚመጣ ልጅ ምጥ ከ1,000 ሁለት ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ስለዚህ «ይህ የመጨረሻ ልጄ ነው፣ ማንም ሆዴን እንዲገፋው አልፈልግም» የምትል እናት ሞኝ አይደለችም። ውሳኔዋ ሙሉ ነው፣ ማንም ሊከራከራት አይገባም።

ሚዛኑ የሚያጋድለው ቀጣዩ ልጅ ሲታሰብ ነው። ኦፕራሲዮን ዋጋውን በዚያው ቀን ብቻ አያስከፍልም። ማህፀን ላይ ጠባሳ ይተዋል። በሚቀጥለው እርግዝና አምጣ ለመውለድ ከሞከረች ጠባሳው ሊተረተር ይችላል፤ ከ200 በአንዷ ገደማ የሚደርስ ነው፣ ሲደርስ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ኦፕራሲዮኑ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ የእንግዴ ልጅ ጠባሳው ላይ ሥር ሰዶ አልለቅ የማለቱ አደጋ ያድጋል፤ ይህ እናት በደም መፍሰስ ከምትሞትባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ሁለት ልጅ ለምትወልድና ከሆስፒታሏ ሃያ ደቂቃ ርቃ ለምትኖር ጣሊያናዊት ይህ የሚቻል ሥጋት ነው። ለእኛዋ ግን ቀጣዩ ልጅ የት እንደሚወለድ አይታወቅም። ዛሬ ሮም ያለች ነገ ጀርመን ወይም ስዊድን ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ተመልሳ ወሎ ወይም ጎጃም። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 26 ነበሩ፣ በኦፕራሲዮን የወለዱት በአገር ደረጃ 2 ብቻ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 21። ከዚያ ወዲህ በተቋም መውለድ በጣም ጨምሯል። ቢሆንም ጠባሳ ያለበት ማህፀን ይዞ ኦፕራሲዮን ክፍል ርቆ በሚገኝበት ወረዳ ማማጥ፣ ሮም ላይ ከማማጥ ጋር አንድ አይደለም። ሮም ያለው ሐኪም ይህን አያስበውም፤ የሚያየው የፊቱን ልጅ ነው። ማሰብ ያለብን እኛ ነን።

ስልኩም አለ። ልጇ እንዳልዞረ የተነገራት ሴት መጀመሪያ የምትደውለው ለእናቷ ነው። ደሴ ወይም ጎንደር ያሉት እናት የሚሉት ይታወቃል፤ «ምን ያስጨንቅሻል ልጄ፣ እዚህ ብትሆኚ አዋላጇ በቅቤ አሽታ ታዞርልሽ ነበር። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።» ሆድ ማሸት በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ነገር ነው፤ የልምድ አዋላጆች በእጃቸው ዳሰው ጭንቅላቱ የት እንዳለ ያውቃሉ፣ አንዳንዶቹ ያዞራሉ። የጤና ባለሙያዎቻችን ደግሞ ማሸት የእንግዴ ልጅ እንደሚያላቅቅ፣ ማህፀን እንደሚተረትር እየነገሩ ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል፤ ትክክል ናቸው። ከዚህ ሁለት ዓይነት አደጋ ይወለዳል። በማሸት የምታምነዋ «ታዲያ ሆስፒታል ምን ያደርግልኛል፣ የምታሽ ሴት ፈልጉልኝ» ልትል ትችላለች። ከማሸት የተጠነቀቀችው ደግሞ ሐኪሙ «በእጅ እናዞረዋለን» ሲላት የምትሰማው ያንኑ የተከለከለ ነገር ነው፤ ፈርታ እምቢ ትላለች። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው። የእጁ ሐሳብ ይመሳሰላል፤ የሚለየው በእጁ ዙሪያ ያለው ነው። የምታሻት አዋላጅ የእንግዴ ልጁ የት እንደተጣበቀ አታይም። የልጁ ልብ ሲደክም የሚነግራት ነገር የለም። ነገሩ ቢበላሽ በደቂቃዎች ውስጥ ልጁን የምታወጣበት ክፍል የላትም። ሮም ላይ ሆና ቤት ውስጥ የምትታሽ እናት እነዚህ ሁሉ ባሉበት ከተማ ያለ እነሱ መሆንን መርጣለች፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ስለዚህም እናቶች በስልክ ሲመክሩ ልጆቻቸው ይህን በትዕግሥት ቢያስረዷቸው ደስ ይለኛል።

ሮም ራሷ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ኤፌሶን ተወልዶ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በዚህች ከተማ ያከመው ሶራኑስ ለአዋላጆች በጻፈው መጽሐፍ ተዛብቶ የመጣን ልጅ እንዴት ማስተካከል እንደሚገባ አስተምሯል። ፕሊኒ የአውግስጦስ የቅርብ ሰው የነበረው አግሪፓ በእግሩ እንደተወለደ፣ ንጉሡ ኔሮም እንዲሁ እንደተወለደ ጽፏል፤ በእግር መወለድን ሮማውያን እንደ ክፉ ምልክት ያዩት ነበር። ከዚህ አደጋ እንዲጠብቁ ለሁለት አማልክት መሠዊያ እንደተሠራላቸውም ተጽፏል፤ አንደኛዋ በቀና ለሚመጣው፣ ሌላዋ በተገላቢጦሽ ለሚመጣው። እናት ይህን ስትፈራ መኖሯ የትኛውም ዘመን፣ የትኛውም ሃይማኖት አልተለየውም። ማርያምን የምትጠራ እናት ጸሎቷን ከሐኪሙ እጅ ጋር ማጋጨት የለባትም፤ ሁለቱ አይጋጩም።

ስለ ሌሎቹ ዘዴዎች ባጭሩ ልለፈው። ተንበርክኮ መቀመጫን ከፍ አድርጎ መቆየትን የሚመክሩ አሉ፤ ጉዳት የለውም፣ እንደሚያዞር ግን በቂ ማስረጃ የለም። ጣሊያን ውስጥ ከፍ ያለ ስም ያለው ሌላ ነገር ነው፤ በቻይና ሕክምና ትንሿ የእግር ጣት አጠገብ የደረቀ ቅጠል እያጤሱ ማሞቅ። ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ካርዲኒ በ1998 ቻይና ውስጥ 260 የመጀመሪያ እርጉዞች ላይ ባደረገው ጥናት ከታከሙት ከ100 75፣ ካልታከሙት 48 ያህሉ ዞሩ። እሱው በጣሊያን ሆስፒታሎች ሲደግመው ግን ብዙዎቹ እናቶች ሕክምናውን እያቋረጡ ጥናቱ ሳይጨረስ ቆመ፣ ልዩነትም አልታየም፤ ይህ በ2005 ታትሟል። የሚሞከረው በ33ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ሞክሩት አልልም፣ አትሞክሩትም አልልም፤ ግን የ36ኛውን ሳምንት ቀጠሮ ማስረሻ እንዳይሆን።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልመለስ። ጊዜው ጠባብ ነው፣ የእኛ ሰዎች ደግሞ ዘግይተው ነው የሚደርሱት። ጣሊያን ውስጥ ከሚወልዱት እናቶች ከአምስት አንዷ ገደማ የውጭ ዜጋ ናት፤ የአገሩ የወሊድ መዝገብ በየዓመቱ እንደሚያሳየው የመጀመሪያ ክትትላቸውን ዘግይተው የሚጀምሩት እነሱ ናቸው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። አንዷ ቤት ሠራተኛ ናት፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ካልሆነ አትወጣም። ሌላዋ አድራሻ የላትም። በ2014 የወጣው የመኖሪያ ቤት ድንጋጌ 5ኛ አንቀጽ ያለ ፈቃድ በተያዙ ሕንፃዎች የሚኖሩ ሰዎች በዚያ አድራሻ እንዳይመዘገቡ ከለከለ፤ ያለ ምዝገባ ደግሞ የቤተሰብ ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው። የእኛና የኤርትራ ልጆች በብዛት የሚኖሩበት ሮማኒና ያለው ፓላዞ ሰላም የዚህ ገፈት ቀማሽ ነበር። በነሐሴ 2017 ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ፣ ቪያ ኩርታቶኔ ያለው ሕንፃ በፖሊስ፣ አደባባዩም በውሃ መርጫ ሲለቀቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎዳና ላይ ወደቁ። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ያለች ነፍሰ ጡር የ36ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ቢያመልጣት ማን ይፈርድባታል?

መብቱ ግን አለ፣ ሊታወቅ ይገባል። በ1998 የወጣው የስደተኞች ሕግ 35ኛ አንቀጽ ወረቀት የሌላት ሴት እንኳን እርግዝናዋንና ወሊዷን እንድትከታተል ያረጋግጣል፤ የሚሰጣት ኮድ ኤስቲፒ ይባላል። ያው ሕግ እርጉዝን፣ ከወለደችም በኋላ እስከ ስድስት ወር፣ ከአገር ማባረርን ይከለክላል። በ1975 ሕግ የተቋቋሙት ኮንሱልቶሪዮ የተባሉ የቤተሰብና የሴቶች ጤና ማዕከላት በየሰፈሩ አሉ፤ እዚያ ያለችው ኦስቴትሪካ (አዋላጅ) ከትልቁ ሆስፒታል ሐኪም የበለጠ ጊዜ ሰጥታ ታዋያለች። ትራስቴቬሬ በሳን ጋሊካኖ መንገድ ያለው የስደተኞች ጤና ተቋም፣ ተርሚኒ ጣቢያ ያለው የካሪታስ ክሊኒክ፣ ስደተኞችን የሚያክመው ሳሚፎ፣ የእኛን ሴቶች ተቀብለው የሚያስተናግዱ ቦታዎች ናቸው። የ2017ቱ 219 ቁጥር ሕግ ደግሞ ታካሚ የሚሰጠው ማብራሪያ የተሟላና ለእሱ የሚገባው መሆን አለበት ይላል። ይህ ቃል ለእኛ ትልቅ ነው። ያልገባት እናት ፈርማም ቢሆን አልተስማማችም።

ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ሆስፒታሎች ሜዲያትሪቼ ማለትም የባህል አስተርጓሚ መጥራት ይችላሉ፤ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ባልን ማስተርጎም ቀላል ይመስላል፤ ግን ባልም ይፈራል፣ ፈርቶም የሚያስፈራውን ክፍል ዘሎ ይተረጉማል፣ ወይም ውሳኔውን ራሱ ሰጥቶ ያልፋል። የስምንት ዓመት ልጅን የእናቱን ማህፀን ጉዳይ ማስተርጎም ደግሞ ጭካኔ ነው። እናቲቱ ሐኪሙን ልትጠይቀው የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። እዚህ በዓመት ስንት ልጅ ታዞራላችሁ? ለእኔ ዕድሉ ምን ያህል ነው፣ ለምን? ካልዞረ ቀጥሎ ምን ይሆናል? ሐኪሙ ለመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር ከሌለው፣ ወይም ብዙም እንደማይሠራ ከተናገረ፣ ሌላ ሆስፒታል መፈለግ ነው። ይህ እጅ የሚሻሻለው በመደጋገም ነውና።

የማይሳካም አለ። ግማሹ አይሳካም። ተሞክሮ ያልዞረላት እናት ያጠፋችው ነገር የለም፤ ቀጠሮዋን ይዛ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች፣ ልጇም ደህና ይሆናል። አራሷን ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች «ምነው አምጠሽ አልወለድሽም?» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ መቅረት አለበት። ገንፎው የሚበላው፣ እልልታው የሚቀልጠው፣ ልጁ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ እኩል ነው።

አንድ ነገር ግን ልጁ ቢዞርም ባይዞርም ይቀራል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በመቀመጫው የቆየ ልጅ የዳሌው መገጣጠሚያ በደንብ ሳይቀመጥ የመቅረቱ ዕድል ከሌሎች ከፍ ያለ ነው። በስድስት ሳምንቱ የዳሌ አልትራሳውንድ ቢነሳ በጊዜው በቀላሉ ይስተካከላል፤ ከዘገየ ልጁ እያነከሰ ይሄዳል፣ ኦፕራሲዮንም ሊያስፈልገው ይችላል። የሕፃናት ሐኪሙ ልጁ በመቀመጫው እንደነበር ካልተነገረው ላያውቅ ይችላል፣ በተለይ ልጁ ዞሮ በጭንቅላቱ ከተወለደ። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ደግሞ ከሆስፒታል ስትወጣ የሚሰጣትን ወረቀት ብቻ ይዛ አትቅር። ካርቴላ ክሊኒካዋን፣ ማለትም ሙሉ የሕክምና መዝገቧን፣ ቅጂ ትጠይቅ፤ በጽሑፍ ማመልከቻና በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። እዚያ ውስጥ ማህፀኗ በአግድም ይሁን በቁመት መቀደዱ ተጽፏል። ቀጣዩን ልጇን የትም ብትወልድ፣ አምጣ መውለድ ትችል እንደሆነ የሚወስነው አዋላጅ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ገጽ ነው።